የመጀመሪያ ወሊድ ላይ ሁሉም ይቆረጣል ወይ? የአንባቢያን ጥያቄና የአዋላጇ መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ስለ መቆረጥ፣ ስለ መቀደድና ስለ መሰፋት። ከባሕር ዳር የተጻፉ አሉ፣ ከሐይቁ ዳርቻም የመጡ አሉ። ስለዚህ ዓምዱን በሙሉ ለዚህ ሰጥቼዋለሁ። የሰውነት ክፍሎችን በየስማቸው እጠራለሁ። በዚህ ነገር ማፈር ብዙ እህቶቻችንን ቤት አስቀርቷል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ሲስተር። የምኖረው ባሕር ዳር ሺምብጥ አካባቢ ነው። የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ስምንተኛ ወር ውስጥ ገብቻለሁ። የባለቤቴ እህት ወልዳ ልጠይቃት ስሄድ መቀመጥ አቅቷት አየሁ። “የመጀመሪያ ከሆነ ሁሉም በመቀስ ይቆረጣል። ካልተቆረጥሽ እስከ ፊንጢጣሽ ትቀደጃለሽ” አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እውነት ሁሉም ይቆረጣል? እምቢ ማለትስ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ተረጋጊ። ሁሉም አይቆረጥም። መቆረጥም የለበትም።

ኤፒዚዮቶሚ የምንለው የሕፃኑ ራስ ሊወጣ ሲል በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለውን ቦታ በመቀስ መቁረጥ ነው። የባለቤትሽ እህት የነገረችሽን ከራሷ አላመጣችውም። ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን እንደዚያ ያምኑ ነበር። ጆሴፍ ዴሊ የተባለ አሜሪካዊ የማህፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1920 የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ ሴቶችን አስቀድሞ መቁረጥ ይጠቅማል ብሎ ጻፈ። ሐሳቡ ሲሰሙት ልክ ይመስላል። በመቀስ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ በራሱ ከተቀደደ ይሻላል፣ ለመስፋትም ይቀላል ነው ነገሩ። እናም በደንብ ሳይፈተን በየአገሩ ልማድ ሆነ።

ሲፈተን ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ1993 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአርጀንቲና ጥናት 2,606 ሴቶችን ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። በአንደኛው ወገን እንደ ልማዱ መቁረጥ ቀጠለ፤ 83 በመቶ ያህሉ ተቆረጡ። በሌላኛው ወገን የግድ ሲሆን ብቻ ተባለ፤ 30 በመቶ ያህሉ ተቆረጡ። ከባድ የሚባለው መቀደድ በመጀመሪያው ወገን 1.5 በመቶ፣ በሁለተኛው 1.2 በመቶ ሆነ። ያን ሁሉ ሴት መቁረጡ ከከባድ ጉዳት አላዳነም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ መመሪያ፣ ያለ መሣሪያ እገዛ በምጥ የምትወልድን ሴት እንደ ልማድ መቁረጥ አይመከርም ብሏል።

ይህ ማለት መቀሱ ፈጽሞ አያስፈልግም ማለት አይደለም። የሕፃኑ የልብ ምት እየወረደ ቶሎ መውጣት ሲኖርበት፣ በማዋለጃ መሣሪያ (በቫኪዩም ወይም በፎርሴፕስ) ሲሳብ፣ ትከሻው ሲያዝ፣ ወይም ቦታው ላይ የማይለጠጥ የድሮ ጠባሳ ሲኖር ሊያስፈልግ ይችላል። ያኔ እኔም እቆርጣለሁ። ግን አስቀድሜ እነግራታለሁ፣ ፈቃዷን እጠይቃለሁ፣ አደነዝዛለሁ። “ለምን?” ብለሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። እምቢ ማለትም መብትሽ ነው። ምጥ ላይ ሆነሽ ልትከራከሪ ስለማትችይ ግን አሁን፣ በእርግዝና ክትትልሽ ላይ፣ ለምታይሽ አዋላጅ ንገሪያት። “ካላስገደደ በቀር እንዳልቆረጥ እፈልጋለሁ፣ ካስገደደም ቀድመው ይንገሩኝ” በያት። አብራሽ ለምትገባው ሰውም ይህንኑ አስጠኚ።

መቀደድን በሚመለከት አልዋሽሽም። በመጀመሪያ ወሊድ ትንሽ መቀደድ የተለመደ ነው። ቆዳው ብቻ ከሆነ አንደኛ ደረጃ እንለዋለን። ከሥሩ ያለው ጡንቻ ከተነካ ሁለተኛ ነው። እነዚህ ተሰፍተው፣ አንዳንዴም ሳይሰፉ፣ በደንብ ይድናሉ። እኛን የሚያስፈራን ሦስተኛውና አራተኛው ነው። ሦስተኛው ሰገራንና ጋዝን አጥብቆ የሚይዘውን የፊንጢጣ መዝጊያ ጡንቻ ይነካል። አራተኛው እስከ አንጀቱ ውስጠኛ ሽፋን ይደርሳል። ሁለቱም የሚያጋጥሙት ከመጀመሪያዎቹ በጣም ባነሱ ሴቶች ላይ ነው፣ አደጋቸውንም መቀነስ ይቻላል።

አንቺ ከቤትሽ የምትጀምሪው አለ። ከ35ኛው ሳምንት አካባቢ ጀምሮ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ቦታውን ማሸት ነው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ጥፍርሽን ቁረጪ። አውራ ጣትሽን በንጹሕ የምግብ ዘይት አርሰሽ ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገቢ። ወደ ታችና ወደ ጎን እያለሳለስሽ ግፊ። መለብለብ ሲሰማሽ ትንሽ ቆዪና ልቀቂ። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ሆድሽ አላደርስ ካለ ባለቤትሽ ሊያግዝሽ ይችላል። ጥናቶቹ ሲደመሩ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወልዱ 15 ሴቶች ይህን ቢያደርጉ አንዷ ከስፌት ትድናለች። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ወጪ የለውም። ደም ካየሽ፣ ኢንፌክሽን ካለሽ ወይም የሽርት ውሃሽ ከፈሰሰ አታድርጊው። ቅቤ ግን ይቅር። የቤት ቅቤ በዚያ ቦታ ጀርም ያስገባል።

ወሊዱ ላይ ደግሞ የሚያድንሽ ቀስ ማለት ነው። በእኔ እምነት ማዋለጃ ክፍል ውስጥ ዋናው ጠላት ችኮላ ነው። ሁሉም አልጋውን ከቦ “ግፊ! ግፊ! በርቺ!” ይላል። የሕፃኑ ራስ ብቅ ሲልም ጩኸቱ ይብሳል። መቆም ያለበት ግን ያኔ ነው። ራሱ ሲወጣ ቦታው እንደ እሳት ሲያቃጥልሽ አትግፊ። አፍሽን ከፍተሽ ቁና ቁና ተንፍሺ። ማህፀንሽ ብቻውን ይገፋዋል። ሆድሽን ከላይ ሆኖ የሚጫን ሰው ካለ አስቁሚው፤ ይህንም የዓለም ጤና ድርጅት አይመክረውም። በጀርባ መተኛት ከከበደሽ በጎን መውለድ ወይም መንበርከክ ይቻላል። አያቶቻችን ተንበርክከው ነበር የሚወልዱት። በመጨረሻው ሰዓት እጅ በሚችለው ሙቅ ውሃ ተነክሮ የተጨመቀ ንጹሕ ጨርቅ ቦታው ላይ እንዲያደርጉልሽ ጠይቂ። ይህ ከባዱን መቀደድ እንደሚቀንስ በጥናት ተረጋግጧል። የሚያስፈልገው ማንቆርቆሪያና ጨርቅ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እኔም አዋላጅ ነኝ። በጣና ዳርቻ በሚገኝ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ከተመረቅሁ ብዙ አልቆየሁም። ኤፒዚዮቶሚ የምቆርጠው 45 ዲግሪ ተብሎ እንደተማርነው ነው። በቅርቡ ግን አንዲት እናት ላይ የቆረጥኩት ወደ ፊንጢጣ ቀጠለ። ሌሊት ነበር፣ ሐይቁ ተነስቷል፣ ጀልባ የለም። ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ልከናት ተሰፍታለች፣ ደህና ናት። እኔ ግን ከሐሳቡ መውጣት አልቻልኩም። ምን ባደርግ ይሻል ነበር?

መልስ፦ ባልደረባዬ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ጉዳቱን አይተህ ማወቅህና መላክህ ትልቅ ነገር ነው። ለምን እንደሆነ ዝቅ ብዬ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ዲግሪው።

ዲግሪው የሚለካው ከብልት ቀጥታ ወደ ፊንጢጣ ከሚወርደው የመሐል መስመር ነው። 45 ዲግሪ ትክክል የሚሆነው ልጁ ከወጣ በኋላ ሲለካ ነው። አንተ የምትቆርጠው ቦታው በሕፃኑ ራስ ተወጥሮ ሳለ ነው። ቆዳው ወደ ጎን ተለጥጧል። ልጁ ወጥቶ ቆዳው ሲሰበሰብ የቆረጥከው መስመር ወደ መሐል ይጠጋል። ተወጥሮ ሳለ 40 ዲግሪ የተቆረጠ ከወሊድ በኋላ ሲለካ ወደ 20ዎቹ ይወርዳል። 20ዎቹ ማለት ከፊንጢጣ ጡንቻ አጠገብ ማለት ነው። ተወጥሮ ሳለ 60 ዲግሪ ስትቆርጥ ነው በመጨረሻ ወደ 45 የምትደርሰው። የእንግሊዝ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ቦታው በተወጠረበት ሰዓት ከመሐል መስመር 60 ዲግሪ ብሎ የጻፈው ለዚህ ነው። ቀጥታ ወደ ታች የሚቆረጠውማ ወደ ፊንጢጣ መንገድ መጥረግ ነው። እሱን በፍጹም አትሞክር።

እንዴት ትገምተዋለህ? የግድግዳ ሰዓት ፊት አስብ። ብልት መሐሉ ላይ፣ ፊንጢጣ 6 ቁጥር ላይ ይሁን። በእያንዳንዱ ቁጥር መካከል 30 ዲግሪ አለ። ስለዚህ መቀስህ ወደ እናትየዋ ቀኝ ከሆነ ወደ 8 ቁጥር ያመልክት። በ7 እና በ8 መካከል ከሆነ ገና ነው። ዓይን ይዋሻል። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ከቆረጡት ሐኪሞች በትክክል ወደ ጎን ሰያፍ የቆረጡት 22 በመቶው ብቻ ነበሩ። ከአዋላጆቹ አንድም አልተገኘም። እዚያም እንደዚያ ከሆነ እኛ መለማመድ አለብን። እኔ ለተማሪዎች ስፖንጅ፣ መቀስና የተማሪ ፕሮትራክተር እሰጣለሁ። መጀመሪያ በግምት ይቆርጣሉ፣ ከዚያ ይለካሉ። ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ያነሰ ሆኖ ይገኛል። በፈረቃህ መጨረሻ ሞክረው። እጅህ ይለምደዋል።

ጊዜውም ቁም ነገር ነው። ቦታው ሳይሳሳ ከቆረጥክ ብዙ ደም ይፈሳል፣ ቁስሉም ይረዝማል። በምጥ ሰዓት ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ያህል የሕፃኑ ራስ እስኪታይ ጠብቅ። ከዚያ በፊት ማደንዘዣው መሰጠት አለበት። 10 ሚሊ ሊትር ያህል 0.5 በመቶ ሊዶኬይን ይበቃል። ከመርጨትህ በፊት ሲሪንጁን ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ ደም አለመምጣቱን እይ። ሁለት ደቂቃ ጠብቅና በትንሿ መቆንጠጫ ፎርሴፕስ ቦታውን ቆንጠጥ አድርግ። ከተሰማት ሁለት ደቂቃ ጨምር። “በምጥ ላይ ስለሆነች አይሰማትም” የሚለውን አባባል አትቀበል። ይሰማታል። ለዓመታት የሚያስታውሱት አሉ። ስትቆርጥ ሁለት ጣቶችህን በሕፃኑ ራስና በሥጋው መካከል አስገባ። ከሦስት እስከ አራት ሴንቲ ሜትር ባለ አንድ ንጹሕ ቁራጭ ጨርስ። ደጋግሞ መቆራረጥ ጠርዙን ያበላሸዋል።

ከዚያ በኋላ ሥራው አላለቀም። ብዙዎቻችን ከቆረጥን በኋላ ቦታውን እንለቀዋለን። የቆረጥከውም ይቀጥላል። ግራ እጅህ የሕፃኑ ራስ ላይ ሆኖ አወጣጡን ያዘግይ። ቀኝ እጅህ ከታች ቦታውን ይደግፍ፤ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት ከሁለቱም ጎን ወደ መሐል እየሰበሰቡ። ዓይኗን እያየህ “አሁን አትግፊ፣ ተንፍሺ” በላት። በዚህ መንገድ ኖርዌይ ውስጥ አዋላጆችን እንደገና አሠልጥነው ከባዱን መቀደድ በግማሽ አካባቢ ቀንሰዋል። ራሱ ወጣ ብለህም አትዘናጋ። የኋላው ትከሻ ሲወጣ ብዙ ይቀደዳል። እጅህ እስከዚያ ከታች ይቆይ።

በእኛ ክልል አንድ ነገር አለ። የ2016 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በአገራችን ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። ድርጊቱን በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ከልክሎታል፤ ዛሬ የሚወልዱት ብዙዎቹ ግን በሕፃንነታቸው የተገረዙ ናቸው። ምጥ ከመጀመሩ በፊት በክትትል ላይ እይ። ጠባሳ ስላለ ብቻ አትቁረጥ፤ ይለጠጣል ወይ ብለህ ተመልከት። ተሰፍቶ የተዘጋ ከሆነ የሚከፈተው ከፊት ያለው ጠባሳ ነው። እሱን ትቶ ከታች መቁረጥ አይፈታውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከእያንዳንዷ ወሊድ በኋላ፣ የተቆረጠችም ያልተቆረጠችም፣ በጥሩ ብርሃን ማየት አለብህ። መብራት በሚጠፋበት ጤና ጣቢያ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ይኑርህ። በስልክ መብራት አንድ እጅህ ይያዛል። ከዚያ ነግረሃት፣ አስፈቅደሃት፣ ጓንት ያደረገ ጣትህን ፊንጢጣዋ ውስጥ አስገባ። አውራ ጣትህን ከውጭ አድርገህ በሁለቱ መካከል ያለውን ዳስሰው። ጡንቻው እንደ ገመድ ዙሪያውን ይሰማሃል። ከፊት በኩል ከጎደለ ተቀድዷል። ይህን አንድ ደቂቃ የማይሞላ ምርመራ ብዙ ቦታ ሲዘለል አያለሁ። ቆዳው ተሰፍቶ ከላይ ያምራል፤ ከሥር ግን ጡንቻው እንደተለያየ ይቀራል። ሴትየዋ ከወራት በኋላ ትመጣለች። ወይም ጭራሽ አትመጣም።

ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ካገኘህ ጤና ጣቢያ ላይ አትስፋው። የሚሰፋው በቀዶ ጥገና ክፍል፣ በጥሩ ብርሃንና በተሟላ ማደንዘዣ፣ ልምድ ባለው ሰው ነው። የአንተ ሥራ የሚደማውን ማቆም፣ በንጹሕ ጎዝ መሸፈን፣ ግሉኮስ ማስገቢያ መስመር መክፈት፣ የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ መስጠትና መላክ ነው። ሪፈሩ ላይ ያየኸውን በግልጽ ጻፍ። ሐይቁ ከተነሳ ደግሞ አትጨነቅ። መድማቱ ከቆመ ስፌቱ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ቢዘገይ ውጤቱ እንደማይበላሽ በስዊድን በተደረገ ጥናት ታይቷል። በማዕበል ሌሊት ጀልባ ላይ ከማውጣት ጠዋትን መጠበቅህ ልክ ነበር። ደም ካልቆመ ግን ሌላ ነው። ያኔ ጠዋት አይጠበቅም።

ጥያቄ፦ ከፎገራ ነው የምጽፍልሽ። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ ፈስ አያቆምልኝም። አንዳንዴም ሰገራ ሳላውቀው ያመልጠኛል። ቅዳሴ መቆም ትቻለሁ። ዕድር ስሄድ ከበሩ አጠገብ እቀመጣለሁ። ለባለቤቴም በደንብ አልነገርኩትም። ጎረቤቴ “ፊስቱላ ነው” አለችኝ። ሁለተኛ መውለድ እፈልጋለሁ፣ ግን ፈራሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን በመጻፍሽ ልቤ ተነካ። ጥፋተኛ አይደለሽም። ርኩስም አይደለሽም። ስትወልጂ የተጎዳ፣ ምናልባትም በጊዜው ሳይታይ የቀረ ጡንቻ አለሽ ብዬ እገምታለሁ። ይህ ደግሞ ይታከማል።

ፊስቱላ ሌላ ነው። ፊስቱላ በብዛት ምጥ ለቀናት ሲራዘም፣ የሕፃኑ ራስ ሥጋውን ጨቁኖ ሲገድለው የሚፈጠር ቀዳዳ ነው። ሽንት ያለማቋረጥ ይንጠባጠባል፣ ወይም ሰገራ በብልት በኩል ይመጣል። ያንቺ በፊንጢጣ በኩል እየመጣ ማቆም የሚያቅትሽ ከሆነ የመዝጊያው ጡንቻ ጉዳይ ነው። በብልት በኩል የሚወጣ ነገር ካለ ግን ለሐኪሙ ለይተሽ ንገሪው። ይህ ትልቅ ልዩነት አለው።

ወደ ባሕር ዳር ነይ። የሃምሊን ፊስቱላ ማዕከል እዚህ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ከባለቤታቸው ጋር በ1974 (እ.ኤ.አ.) አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት ሆስፒታል ቅርንጫፍ ነው። ፊስቱላ ብቻ አይደለም የሚያክመው፤ በወሊድ እስከ ፊንጢጣ የተቀደዱ ሴቶችንም ያያል። ሕክምናው በነጻ ነው። እዚያ ስትሄጂ እንደ አንቺ ያሉ ሴቶች ታያለሽ፣ ብቻሽን እንዳልሆንሽ ይገባሻል። ከመምጣትሽ በፊት የቀበሌሽን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አነጋግሪ፤ በጤና ጣቢያ በኩል ሪፈር ታጽፍልሻለች።

መርምረው የጡንቻውን ሁኔታ ያያሉ። ለአንዳንዷ ጡንቻውን ማጠናከሪያ እንቅስቃሴና አመጋገብ ይበቃል። ለአንዳንዷ እንደገና መስፋት ያስፈልጋል። እስከዚያው ዛሬ ማታ የምትጀምሪው አለ። ፈስ እንደምትይዢ አድርገሽ ፊንጢጣሽን ወደ ላይ አጥብቂ፣ እስከ አምስት ቁጠሪ፣ ልቀቂ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ። እንጀራ ስትጋግሪም ማድረግ ትችያለሽ፣ ማንም አያውቅብሽም። ሆድሽን የሚያለሰልስብሽን ምግብ ለይተሽ ቀንሺ።

ሁለተኛ ልጅ መውለድ ትችያለሽ። ከዚህ ዓይነት ጉዳት በኋላ የሚወልዱ አብዛኞቹ ሴቶች አይደገምባቸውም። አንቺ ግን ምልክቱ ስላለሽ ከማርገዝሽ በፊት ወይም በእርግዝናሽ መጀመሪያ ከማህፀን ሐኪም ጋር ተነጋገሪ። በምጥ መውለድና በቀዶ ሕክምና መውለድ ሁለቱም ይነሳሉ፤ ምርጫው ያንቺም ነው። ለባለቤትሽም ንገሪው። ካስፈለገ ይህን ገጽ አስነብቢው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ከወለደች አንድ ወር አለፋት። ተሰፍታለች። መቼ ነው እንደ ባልና ሚስት መገናኘት የምንችለው? ጓደኛዬ ደግሞ “ስትሰፋ አጥብቃችሁ ስፉልኝ በል” ብሎኝ ነበር፤ ስህተት ሠራሁ ብሎ ተቆጣኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጓደኛህን ምክር አለመስማትህ እሰየው። የሚሰፋው የተቀደደው በነበረበት ቦታ እንዲገጥም ነው። ከዚያ በላይ ማጥበብ ለሚስትህ ሕመም እንጂ ለማንም ጥቅም የለውም። እንዲህ የሚጠይቅ ባል ሲገጥመኝ እምቢ እላለሁ፣ ምክንያቱንም እዚያው ፊቷ እነግረዋለሁ።

የተቆረጠ ቀን የለም። ደሙ ከቆመ፣ ቁስሉ ከደረቀና እሷ ከፈለገች ነው። ብዙዎች ስድስት ሳምንት ገደማ ይጠብቃሉ። ሦስተኛው፣ ማለትም የእሷ ፍላጎት፣ ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዋጋ የላቸውም። የምታጠባ ሴት ብልቷ ይደርቃል፤ ማለስለሻ ከፋርማሲ መግዛት ይቻላል። ካመማት ቁም። በሁለትና በሦስት ወርም ካልተዋት ትመርመር፣ “ይለመዳል” ብላችሁ አትቅሩ። ስለ እርግዝና መከላከያም ከዚያ በፊት ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ ልጄ ወልዳ ቤቴ ተኝታለች። ተሰፍታ ነው የመጣችው። ገንፎውንም አጥሚቱንም እያደረግሁላት ነው። ወይባ ላሙቃት ብል “ሲስተሯ ከልክላኛለች” አለችኝ። እኛ በወይባ ነው የተጠገንነው። የጨው ውሃስ ይሆናል?

መልስ፦ እማማ፣ እንኳን ማርያም ማረቻት። ልጅዎ የታዘዘችውን መስማቷ ደግ ነው። ወይባውን እስክትድን ያቆዩላት። ትኩስ ስፌት ላይ የሚነሳው ሙቀትና ጢስ ቆዳውን ያቃጥለዋል፣ ያደርቀዋል። ስድስት ሳምንት ይለፍ፣ ጤና ጣቢያም ታይታ “ድኗል” ይባልላት። ከዚያ በኋላ እርስዎና እሷ ታውቃላችሁ።

ለቁስሉ ንጹሕ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ጨው ቢጨመር ያን ያህል የሚለውጠው የለም፤ ከበዛ ደግሞ ያቃጥላታል። በተጸዳዳች ቁጥር ከፊት ወደ ኋላ ትታጠብ፣ በንጹሕ ጨርቅ ነካ ነካ አድርጋ ታድርቀው። ሞዴሱን ቶሎ ቶሎ ትቀይር። ክሩ በራሱ የሚሟሟ ነው፣ ማንም እንዳይነቅለው። ሕመሙ ከበረታባት የታዘዘላትን ፓራሲታሞል ትውሰድ።

የሆድ ድርቀት ስፌቱን ስለሚያስጨንቀው ገንፎ ብቻ እንዳይሆን። ተልባውን በደንብ ያዘጋጁላት፤ ይህን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁበታል። ጎመንና ብዙ ውሃም ይጨምሩላት።

ቦታው ቀልቶ ካበጠ፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ ስፌቱ ከተከፈተ፣ ትኩሳት ከያዛት፣ ወይም ሰገራ ማቆም ካቃታት ማግስቱን አይጠብቁ። በባጃጅም ይሁን በጀልባ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ሕፃኑንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ጡት እንዳይቋረጥበት።